የጋሽ ደቂቃ እገዳ

ጋሽ ደቂቃን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ካረፈ ቆይቷል፤ ሚስታቸው ነበሩ። ከእሳቸው ወዲህ ለታክሲ ተራው ሰው ሁሉ ጋሽ ደቂቃ ናቸው፣ ለልጃቸው ደግሞ አባዬ። ስሙን ያወጡላቸው የተራው ሹፌሮች ናቸው፤ ያለ ነገርም አላወጡላቸውም። ተሳፋሪ «አምስት ደቂቃ ይጠብቁኝ» ብሎ ሱቅ ከገባ በስድስተኛዋ ላይ ክላክሱን ይለቁበታል። አንድ ጊዜ የባልደረባቸው ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ዘገየች ብለው ተቆጥተው ሳይበሉ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ሙሽራዋ እስከ ዛሬ ስታያቸው ትስቃለች።

ሰዓት ይወዳሉ እንጂ ፍጥነት አይወዱም። «ሰዓት የሚያከብር ሰው ምን ያስሮጠዋል? ቀድሞ መነሣት ነው» ይሉ ነበር። እውነትም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲነዱ አንድም ቀን በፍጥነት ተቀጥተው አያውቁም። ወጣቶቹ ሹፌሮች ከኋላቸው ሲደርሱ «እንቁላሉ በእግሩ ሊሄድ ነው» እያሉ ያሾፉባቸዋል፤ እሳቸው በስፖኪዮ አይተው በዚያው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ታክሲዋ የእሳቸው ናት። ቀን ቀን እሳቸው፣ ማታ ማታ ልጃቸው ይነዷታል። ሁለት ሹፌር ያላት ታክሲ ሞተሯም ወንበሯም አይቀዘቅዝም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነዳጅ ማደያው በር ልጅ ለአባት፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያው አባት ለልጅ ያስረክባል። ርክክቡም ይህን ይመስላል፤ ኮፈኑን ከፍተው ሁለቱም ጎንበስ ይላሉ።

«ዘይቱን አየኸው?»

«አይቼዋለሁ።»

«ፍሬኑስ?»

«ደህና ነው።»

አለቀ። እናትየው ካረፉ ወዲህ በአባትና በልጅ መካከል የተረፈው ወሬ ይኸው ነበር። ልጁ ሚስት አግብቶ ከተማው ሌላ ጫፍ ነው የሚኖረው፤ አባት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ግን ጋሽ ደቂቃ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቁት ያችኑ ርክክብ ነው። ልጁ ወርዶ እሳቸው መሪው ፊት ሲቀመጡ ወንበሩ ላይ ሙቀቱ ገና አለ። ልጃቸው የሰጣቸው ሰላምታ አድርገው ነበር የሚቆጥሩት። ይህን ለማንም ተንፍሰው አያውቁም፤ ለልጁ የሚተነፍሱለት ሌላ ነው። ትንሽ ዘግየት ካለ «ሰዓት ስንት ነው?» ይሉታል። ልጁ መሬት መሬት ያያል። «የጠዋት ተሳፋሪ አንተን አይጠብቅም» ይሉና በሩን ድርግም አድርገው ይሄዳሉ። አሥር ሜትር ሳይርቁ ይቆጫቸዋል፤ ግን ተመልሶ ይቅርታ ማለትም ጊዜ ይወስዳል።

ልጁ በመሪ ላይ እንደ አባቱ አልወጣም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በፍጥነት ተቀጥቷል፤ ሦስተኛ ከተያዘ መንጃ ፈቃዱ ይሰረዛል ተብሏል። አንድ ማታ ኮፈኑ ላይ እንዳጎነበሰ፣ ቀና ሳይል፣ «ከሰረዙብኝ እዚህ ምን እሠራለሁ? የሚስቴ ወንድም ጋ እሄዳለሁ፤ መጋዘኑ ውስጥ ሰው ይፈልጋል» አለ። የሚስቲቱ ወንድም ያለበት ከተማ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። ጋሽ ደቂቃ «ውሃውን ሙላው» አሉ። ያን ቀን ቤታቸው ገብተው ልብሳቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ብዙ ተቀመጡ። ልጁ ከሄደ በዚህ ዓለም ላይ «አባዬ» የሚላቸው አይኖርም።

እና የፈሩት መጣ። የቅጣት መልእክት በባለቤቱ ስልክ ነው የሚመጣው፤ መኪናዋ በስማቸው ስለሆነች በእሳቸው ስልክ ገባ። ታክሲዋ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት፣ በአርባ መሄድ ሲገባት፣ በሰባ አምስት ስትበር ካሜራ አንሥቷታል። ሰዓቱ ጠዋት ነው፤ አሥራ ሁለት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። ማን እንደነዳ ለመናገር ባለቤቱ ቢሮ ይቅረብ ይላል።

ጋሽ ደቂቃ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት፤ ቀርበው አነበቡት። ነገሩን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። በዚያ ሰዓት እሳቸው ማደያው በር ቆመው ሰዓታቸውን እያዩ ነው። መሪው ላይ ልጁ ነው።

ግን ካሜራ ሰሌዳ እንጂ ፊት አያይም። ሰዓቱም የርክክብ ሰዓት ነው፤ አባት ነው ቢባል ማን ይከራከራል? ጋሽ ደቂቃ አሰሉት። እኔ ንጹሕ ነኝ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ንጹሕ ነኝ፤ ምን ያደርጉኛል? ያስከፍሉኛል፣ እንደ ተማሪ ይመክሩኛል፣ ይለቁኛል። ልጄ መንዳቱን ይቀጥላል፣ ጠዋትና ማታ አየዋለሁ። የአባት ዕዳ ለልጅ ሲባል ሰምተናል፤ የልጅ ለአባት ቢሆን ምን አለበት? ለልጁ ሳይነግሩ ክራቫታቸውን አሥረው ሄዱ።

ቢሮው ውስጥ ከመስኮት ጀርባ የተቀመጠች መነጽር ያደረገች ሴት ፎቶውን በኮምፒውተሯ አሳየቻቸው። የመኪናዋ ቂጥ፣ ሰሌዳዋ፣ በኋለኛው መስታወት ውስጥ የአንድ ራስ ጥላ።

«በዚህ ሰዓት ማን ነበር የሚነዳው?»

«እኔ።»

ሴትየዋ ክራቫቱን አየች፣ ሽበቱን አየች። «እርግጠኛ ነዎት?»

«ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ። መንዳቴን እረሳለሁ እንዴ?»

«ሁለተኛ ሹፌር የለዎትም?»

«አለኝ። እሱ አይደለም።»

ሴትየዋ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች፤ ሐሳብዎን ይቀይሩ እንደሆን ጊዜ ልስጥዎት የምትል ትመስል ነበር። አልቀየሩም። ቁልፎቹን ቀጭ ቀጭ አደረገችና «እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ስድስት ወር ታግደዋል፣ መንጃ ፈቃድዎን ይስጡኝ» አለች።

«ምን? እኔ እኮ ጥፋት የለብኝም! መዝገቡን ይዩት!»

«አይቼዋለሁ አባቴ። ለቤት መኪና ቢሆን ማስጠንቀቂያ ነበር። ሰው ጭኖ ለሚሠራ ሹፌር ግን በትምህርት ቤት በር ማስጠንቀቂያ የለም። ሕጉ ከተቀየረ ቆይቷል።»

ሠላሳ ዓመት ያልተቀጣ ሰው የቅጣት ሕግ ከየት ያውቃል? ጥፋተኞቹ ናቸው አንድ በአንድ የሚያውቁት። ጋሽ ደቂቃ አፋቸውን ከፈቱ፤ እኔ አይደለሁም ለማለት አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና አፋቸውን መልሰው ገጠሙት። መንጃ ፈቃዱን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው በመስኮቱ ሥር አሳለፉ።

ማታ ማደያው በር ሲገናኙ ልጁ እንደ ልማዱ ኮፈኑን ከፈተ።

«ቢሮ ሄጄ ነበር» አሉ።

«የምን ቢሮ?»

«የትራፊክ። ትምህርት ቤቱ ጋ ካሜራ አንሥቶሃል። እኔ ነኝ አልኳቸው።»

ልጁ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ይዞ ቀጥ አለ። ከዘንጉ ጫፍ ዘይት ጫማው ላይ ሲንጠባጠብ አላየም።

«ስንት ወር?»

«ስድስት።»

ልጁ ዘንጉን መለሰው፣ ጨርቁን አጣጠፈው፣ ዞሮ የፊቱን ግራ ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገ። «ይሄ አየር ያንሰዋል» አለ። ጋሽ ደቂቃም «ያንሰዋል» አሉ። ቁልፉን ሰጥተውት በእግራቸው ሄዱ።

ተራው ላይ ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ሄደ። «ጋሽ ደቂቃ ሰከንድ ሆኑ!» ተባለ። እንቁላል ሲሏቸው የነበሩት ሁሉ አሁን በአድናቆት ጨበጧቸው፣ ትከሻቸውን መቱላቸው። አንዱማ «ሰባ አምስት! በዚያች አሮጊት!» ብሎ ሊስማቸው ምንም አልቀረውም። ወደው አይስቁ ሆኖባቸው ሳቁ። ከዚያ ግን ተራው ላይ መኪና የሌለው ሰው የት ይቆማል? ሹፌሮቹ ተሳፋሪ ሲመጣ አንድ በአንድ ይሄዳሉ፤ ወሬው መሐል ላይ ይቆረጣል። ጋሽ ደቂቃ የተቆረጠ ወሬ ታቅፈው እግረኛ መንገዱ ላይ ይቀራሉ። ሁለት ሳምንት ሞከሩትና ተዉት።

ቤት መዋል ጀመሩ። ጠዋት ያው ሰዓቱ ሲደርስ ይነቃሉ፣ ይላጫሉ፣ ጫማ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ፊት ለፊታቸው ያለችው ጎረቤት «አዲስ ተከራይ ነዎት?» አለቻቸው። እሳቸው እዚያ መኖር ሲጀምሩ እሷ አላገባችም ነበር፤ አሁን የወለደችው ተማሪ ቤት ገብቷል። አውቶቡስ ሲሳፈሩ ከሹፌሩ ጀርባ ይቀመጡና በየመታጠፊያው እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት «አባት፣ ያምዎታል?» ብላ ጠይቃቸዋለች። ሰው አይቸኩልባቸውም፣ እሳቸውም የሚቸኩሉበት የላቸውም። ለደቂቃ ይሞቱ የነበሩ ሰው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የሚያደርጉበት አጡ። ብቸኝነት ቀስ ብሎ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር፤ ለካ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቃቸው ኖሯል።

ልጁ ለቀኑ ፈረቃ ሌላ ሹፌር መፈለግ ነበረበት፤ ታክሲ ግማሽ ቀን ቆማ ወጪዋን አትችልም። ሳቂታው የሚባል ጎልማሳ አገኘ። ጋሽ ደቂቃ ይህን አላሰቡትም ነበር። ልጄ እዚሁ ይቀራል ብለው ያሰሉ ሰው፣ ርክክቡ ከሌላ ሰው ጋር እንደሚሆን ከሒሳቡ ውስጥ ረስተውታል።

በመጀመሪያው እሑድ ልጁ ዳቦና ብርቱካን ይዞ መጣ። ተቀመጡ። ልጁ ግድግዳውን አየ፣ አባት ብርቱካኑን አዩ። በመካከላቸው የሚከፈት ኮፈን የለም። «መኪናዋ?» «ደህና ናት።» ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? ደግነቱ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠብ ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሰሙት። ልጁ እጅጌውን ሰበሰበ፣ አባት የመሣሪያ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎተቱ። «አሥራ ሁለት ቁጥር መፍቻ አቀብለኝ» «ጎማዋ ናት ያለቀችው» «ያዝልኝ እስቲ» እየተባባሉ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወሩ። ውሃው ፊታቸው ላይ ሲረጭ ልጁ ሳቀ፤ ሲስቅ እናቱን ይመስላል። ጋሽ ደቂቃ ያን ቀን ደስ ብሏቸው አመሹ።

ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ቧንቧው ደህና ነበር። ቶሎ ተነሥቶ ሄደ።

በሦስተኛው እሑድ ጋሽ ደቂቃ ጠዋት ተነሥተው መፍቻ አወጡና ደህናውን ቧንቧ በገዛ እጃቸው ፈታ አደረጉት። ጠብ፣ ጠብ ሲል በደንብ እንዲሰማ የሳሎኑን በር ከፈቱ። ብርጭቆ አጥበው አዘጋጁ። ልጁ ቀትር ላይ ደወለና «አባዬ፣ ዛሬ አልቻልኩም፤ ሚስቴን እናቷ ጋ ላደርሳት ነው» አለ። «ምንም አይደል» አሉ። ቧንቧውን ግን አላጠበቁትም፤ ነገ ብቅ ቢልስ? ሳምንቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ሰነበተ፣ ልጁ አልመጣም። በመጨረሻ የታችኛው ፎቅ ሰው ውሃ ፈሰሰብኝ ብሎ በር ሲደበድብ አጠበቁት።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ጠዋት እግራቸው ወደ ማደያው የወሰዳቸው። መኪና ማጠቢያው ግድግዳ ጀርባ ቆሙ። ሳቂታው መጥቶ በሩ ላይ ተገትሯል፤ ሰዓቱንም አያይም። አሥራ ሁለት ሰዓት አለፈ። ጋሽ ደቂቃ በልማዳቸው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ብዙ ቆይታ ታክሲዋ መጣች፤ ቀስ ብላ፣ ጠቋሚዋን አብርታ፣ ለእግረኛ ቆማ አሳልፋ። ልጁ ወረደ፣ ተንጠራራ። ሳቂታው አንድ ነገር አለው፤ ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። ማደያው ጎን ካለችው ሻይ ቤት ሁለት ብርጭቆ ሻይ መጣና ኮፈኑ ላይ አስቀምጠው፣ በክርናቸው ተደግፈው፣ እያወሩ ጠጡ። ልጁ እጁን እያወናጨፈ ያወራል። ይህን ያህል ወሬ እንዳለው አባቱ አያውቁም ነበር።

ነዳጅ ቀጂዋ ሴት ከኋላቸው መጥታ ነበር። «ጋሽ ደቂቃ! ጠፉ እኮ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«እንዲሁ ሳልፍ ነው።»

እሷም ወዲያ አየች። «ልጅዎ ግን ደህና ሰው ሆነልዎት። በእርስዎ ጊዜ እኮ ጠዋት ጠዋት ጎማው እየጮኸ ነው የሚገባው፤ ነዳጁ ላይ ወጥቶ ሊያቃጥለን ነው እያልኩ በየቀኑ እማተብ ነበር። ምን ያስሮጥሃል ብዬ ብጠይቀው አባቴ ሰዓቱን እያየ ይጠብቀኛል አለኝ።» ሳቀችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ቀልድ የነገረቻቸው መስሏታል።

ጋሽ ደቂቃ ግድግዳውን ያዙ። ፎቶው ትዝ አላቸው፤ አሥራ ሁለት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። ልጃቸው በዚያ ሰዓት የሚሮጠው ወደ ሌላ ወዴትም አይደለም፤ ወደ እሳቸው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ያሮጡት እሳቸው ናቸው። ለልጄ ብዬ የሰው ቅጣት ተቀበልኩ እያሉ በልባቸው ሲኮሩ ከርመዋል፤ ለካ ቅጣቱ አድራሻውን አልሳተም። አፈሩ። ልጁ ሻዩን ጨርሶ እስኪሄድ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ መውጣት አልቻሉም።

እገዳው አለቀና መንጃ ፈቃዳቸው ተመለሰላቸው። ሳቂታው ሌላ ታክሲ አገኘ። በመጀመሪያው ጠዋት ጋሽ ደቂቃ ሰዓታቸውን ሆን ብለው ቤት ትተው ማደያው በር ቆሙ። ቀስ ብሎ ሲመጣ ላየው ነው እያሉ መንገዱን አሻግረው ያያሉ። ታክሲዋ ከመታየቷ በፊት ተሰማች፤ ጎማዋ እየጮኸ ነበር።

ልጁ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ወረደ። «አልዘገየሁም አይደል?»

«እኔ እንጃ፣ ሰዓት አላሠርኩም።»

ሽሙጥ መሰለው፤ ዓይኑን ሰበረ። ጋሽ ደቂቃ «ሻይ እንጠጣ?» አሉ።

«አሁን?» ልጁ ተገረመ። «ተሳፋሪ አይጠብቅም ስትል አልነበር? ደክሞኛል አባዬ፣ ልሂድ።» ግን አልሄደም። ቁልፉን በጣቱ ላይ ሲያዞር ቆየና «ያኔ… ለምንድነው እኔ ነኝ ያልካቸው?» አለ።

ስድስት ወር ሙሉ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነበር። መልሱም ስድስት ወር ሙሉ ሆዳቸው ውስጥ ተቀምጧል። የጋሽ ደቂቃ አፍ ግን የለመደውን ነው የሚያውቀው።

«ለመኪናዋ ነዋ። ማታ ማታ ቆማ ልትቀር?»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። «እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት» አለና ቁልፉን አስረክቦ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደ።

ጋሽ ደቂቃ የገዛ አፋቸውን ረገሙ። መኪናው ውስጥ ገቡ። አንድ ሻንጣ የያዘ ሰው እጁን እያውለበለበ ሮጠ፤ አለፉት። ልጁ አጠገብ ሲደርሱ የፊቱን በር ከፈቱ።

«ግባ፣ ላድርስህ።»

«ሥራህስ? የጠዋት ተሳፋሪ እኮ ያመልጥሃል።»

«ይቅር። ግባ።»

ገባ። መታጠፊያው ላይ ሳይደርሱ እንቅልፍ ጣለው፤ ራሱ መስታወቱ ላይ ተደገፈ፣ አፉ ገርበብ አለ። ጋሽ ደቂቃ ከሠላሳ ዓመታቸው ሁሉ በዝግታ ነዱ። አቋራጩን ትተው በወንዙ ዳር ዞሩ። መብራት ቢጫ ሳይሆን ቆሙ፣ አረንጓዴ ሆኖም ቆዩ። ከኋላቸው ክላክስ አበደ፤ አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ሽማግሌ፣ ተኝተሃል?» ብሎ ሰደባቸውና አለፈ። ክፍት መንገድ ላይ ሲደርሱ፣ ፊት ፊታቸውን እያዩ፣ «ለመኪናዋ አልነበረም» አሉ። «እንዳትሄድብኝ ነው። የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ።» ልጁ ያንኮራፋ ነበር።

ቤቱ በር ሲቆሙ ትከሻውን ነካ አደረጉት። ልጁ ብንን ብሎ ዙሪያውን አየ፣ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«ደረስን እንዴ? ቶሎ ደረስን።»

ወርዶ በሩን ሊዘጋ ሲል ጋሽ ደቂቃ ወደ እሱ ዘንበል አሉ። አሁን ነቅቷል። ያንኑ ሊደግሙለት ፈለጉ፤ የወጣው ግን ይሄ ነው፤ «ነገ ጠዋት ዝግ ብለህ ና። ብትዘገይም እጠብቅሃለሁ።»

ልጁ በሩን እንደያዘ ግራ ገባው።

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስክትመጣ።»

ልጁ ትንሽ አያቸው። ከዚያ እሺ ብሎ በሩን ዘጋና ገባ።